የብሪንክሆፌ ስም

ጌርቡርግ ብሪንክሆፌ አባቷን ዮዜፍን በቀበረች በሳምንቱ ዘሯን ፍለጋ ተነሳች። እናቷ ቀድማ ሞታለች፤ ወንድም የላት፣ እህት የላት። በቀብሩም ሆነ ከዚያ ወዲህ አላለቀሰችም፤ ደንዝዛለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሕይወት ያለ የሥጋ ዘመድ።

የዘር ሐረግ የሚያጠኑ ሰዎች «ከራስሽ ጀምሪ፤ ደረጃ እንዳትዘዪ» ብለዋት ነበር። እሷ ግን ስሙን ብቻ ይዛ በቀጥታ በጀርመን ሙንስተርላንድ ወደሚገኘው የብሪንክሆፌዎች መንደር ነዳች።

የመንደሩ ቢራ ቤት አሳላፊ ወዴት እንደምትሄድ ስትሰማ ሳቀች።

«አንቶን ብሪንክሆፌ ዘንድ? ወንበር እንኳ ቢሰጥሽ ተአምር ነው! የመሬቱ ወራሽ እኮ የሚስቱ ወንድም ዮዜፍ ነበር። ከቤት ሠራተኛዋ ጋር ኮበለለና መሬቱ ለአንቶን ሚስት ሆነ። ያ ሽማግሌ መሬቱ ሲነሳበት ነብር ነው።»

አንቶን ሰማንያ አልፎታል። በሩን ከፍቶ ከእግር እስከ ራሷ አያት። ልጁ ሄድቪግ ከኋላው ብቅ አለች፤ እንግዳዋን ገላመጥ አድርጋ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች።

«አባባ፣ በቅርቡ የሞተው የዮዜፍ ልጅ ነኝ። ስማችን አንድ ነው፤ ዘመዶች ነን።»

«ስሙ የመሬቱ ነው» አለ አንቶን። «እዚህ አገር ባለርስት ያገባ ወንድ የራሱን ስም ደጅ ጥሎ የርስቱን ስም ይዞ ይገባል። እኔ ስወለድ ክሉምፔ ነበርኩ። የዚህ ቤት ቅጥር አራሽ ሆኜ ኖሬ ነው ቴክላን ያገባሁት። ስም አይቶ ዘር የሚቆጥር ይሳሳታል፣ ልጄ።»

ፈርቷል፤ መሬቴን ልትወስድ መጣች ብሎ ነው አለች በልቧ።

«እኔ መሬት አልፈልግም። ባለቤትዎን፣ አክስቴን ላግኛቸው።»

«ቴክላ ከሞተች ቆየች።»

ጌርቡርግ ምንም አልተሰማትም። ወደ ወጥ ቤቱ አየች።

«እንግዲያው ሄድቪግ የአክስቴ ልጅ ናት።»

«አይደለችም።»

ዓይኑን በጨው አጥቦ! ቢራ ቤት ሙሉ የሚያውቀውን!

አንቶን ግን አልዘጋባትም። የበሩን እጀታ እንደያዘ ጠየቃት።

«ዮዜፍ… ደግ ነበር? መትቶሽ ያውቃል?»

«አባቴ? በሕይወቱ ጮሆብኝ አያውቅም።»

«እናትሽንስ?»

«እስክትሞት ድረስ አክብሯት ነው የኖረው። ምነው?»

«እሱ ሰው ነበር» አለ ሽማግሌው ዓይኑን በመዳፉ ጠርጎ። «ርስቱን ትቶ፣ የሰው አፍ ችሎ… ሰው ነበር።»

ለሟች ማዘን አሁን ገና መጣለት ብላ ተናደደች። ከቀብሩ ወዲህ የተሰማት የመጀመሪያ ነገር ያ ነበር። የመኪናዋን ቁልፍ ከቦርሳዋ አወጣች።

«ያለኝ ዘመድ ሄድቪግ ብቻ ናት። እርስዎ ግን ለአንድ እርሻ ብለው ዓይኔ እያየ ካዱኝ።»

«የካድኩሽስ ያኔ በእናትሽ ሆድ ሳለሽ ነው፣ ልጄ» አለ አንቶን። «ሄድቪግ እህትሽ ናት።»