ከቆመበት የቀጠለው

ታላቅ ወንድሟ፣ የኮምፒውተር ኮድ የሚጽፈውን የኤአይ ረዳት ለሙከራ ሥራው መሃል ላይ ሆን ብሎ ሲያቋርጠው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። እንዲህ ያሉ ረዳቶች የሠሩትንና የቀራቸውን የሚመዘግቡበትን መሣሪያ የሠራው እሱ ነበር፤ ረዳቶቹ የሚያነቡትን የአጠቃቀም መመሪያ የጻፈችው ግን እሷ ነበረች። "ማሽን ለሚያነበው ነገር ይሄን ያህል አትጨነቂ" ብሏት ነበር።

ተተኪው ረዳት ተከፈተ። መመሪያዋን አንብቦ፣ በዚያው መሠረት መዝገቡን ከፍቶ፣ "የቀደመኝ የመግቢያ ገጹን ጨርሷል፤ የፍለጋውን ግን አልነካውም። ከዚያ እቀጥላለሁ" ሲል ጻፈ። ለማረም ኪቦርዱ ላይ ያንዣበበው የወንድሟ እጅ ቀስ ብሎ ጉልበቱ ላይ ዐረፈ።

"ምንም አልጠየቀኝም እኮ" አለ ለራሱ። ከዚያ ወንበሩን ቢሮው ውስጥ ወዳሉት ባልደረቦቹ አዞረ። "ኑ እስቲ እዩ፤ ይሄን የጻፈችው እህቴ ናት።"

በዘመድ ገባች እንዳይባል ብሎ፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ እህቱ መሆኗን ለማንም አልተናገረም ነበር። እሷም አንገቷን ቀና አድርጋ ጠበቀቻቸው።