የሚንሃ ሹራብ

የሱሉልታ ብርድ ጠዋት ላይ አጥንት ድረስ ይገባል። የዋልዶርፍን የትምህርት መንገድ የሚከተሉ አሻንጉሊት አጫዋቾች ከየአገሩ የተሰበሰቡበት አዳራሽ ውስጥ፣ እኔና የሥራ ባልደረባዬ ሩሃማ በሁለተኛው ቀን ስንገባ ሁሉም አሻንጉሊቱን በመዳፉ እያሞቀ ነበር። ከጨዋታ በፊት ደንባቸው ነው። ማታ ጨርቅ አልብሰን፣ እንደ ሕፃን አስተኝተናቸው ነበር የሄድነው።

የእኔን አሻንጉሊት የሰፋኋት ከልጄ ከሚንሃ ሹራብ ነው። ሚንሃ አምና ክረምት ትኩሳት ይዟት ሞተች። ሹራቡን ለሰው ልሰጠው አልቻልኩም፤ ዓለም ገና ከተማ በማስተምርበት መዋዕለ ሕፃናት ልጆቹ ይጫወቱባት ብዬ አሻንጉሊት አድርጌ ሱፍ ሞላኋት። ለእንግዶቹ ይህን አልነገርናቸውም።

ጨርቁን ገልጬ ሳነሳት ትሞቃለች።

"ሩሃማ፣ አንቺ ነሽ ያሞቅሽልኝ?"

"ራቢአ ደግሞ! አሁን አብረን አይደል እንዴ የገባነው?"

ሳላስበው የእጄን ጀርባ አሻንጉሊቷ ግንባር ላይ አደረግኩ። ያንን ሙቀት አውቀዋለሁ። እጄን ማንሳት አቃተኝ።

ክሪስታ የሚባሉት ጀርመናዊት አሮጊት ፊቴን አይተው መጡና አሻንጉሊቷን ከእጄ ተቀበሉኝ። እሳቸውም ግንባሯን ነኩ። ጆሯቸውን ደረቷ ላይ አድርገው ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

ሩሃማ ልትተረጉምልኝ አፏን ከፈተችና መልሳ አሻንጉሊቷን አየቻት።

"ምን አሉ?"

"ልጅቷን ሐኪም አይቷታል ወይ፣ ይላሉ።"