ቲቸር ፊሎሜና በጆንያ የምትወስደው ነገር

«ሌባ ናት አልኩህ! ፈርም!»

ጎረቤታችን ማናንግ ፔርላ ናት («ማናንግ» እኛ ዘንድ እትዬ እንደማለት ነው)... ወረቀቱን ባጃጄ ላይ ዘርግታ።

የቀበሌያችን የሕፃናት መዋያ አስተማሪ፣ ቲቸር ፊሎሜና፣ ትባረር የሚል ወረቀት ነው።

ጥፋቷ? በየቀኑ ልጆቹን ሸኝታ የሩዝ ጆንያ ተሸክማ ትወጣለች። የልጆቹ ምሳ ደግሞ እያነሰ ነው...

ልጄን ጄሰልን ስሟን መጻፍ ያስተማረቻት እሷ ናት።

እኔ ግን ፈረምኩ። ያውም አንደኛ። ጌታ ይቅር ይበለኝ።

በማግስቱ በሩ ላይ ጠበቅኳት። ጆንያው ጢም ብሏል።

«ላድርስዎት ቲቸር?»

«ተወው ወንድሜ፣ በእግሬ...» ደነገጠች።

አሃ! አልኩ በልቤ... ተያዘች!

ጆንያውን ተቀብዬ ጫንኩት። ለሩዝ ግን ቀለለኝ...

ኩርባው ላይ ወደቀና ተፈታ።

ሩዝ የለም። የቆሸሸ ልብስ ነው።

ከላይ ያለውን ነጭ ሸሚዝ አወቅኩት። እጅጌው ላይ የሻማ ቃጠሎ አለ... በስቅለት ዑደት ያቃጠልኩት። ሚስቴ ለልብስ ንጽሕና ቤት የሰጠችው የኔ ሸሚዝ!

«የንጽሕና ቤቱ ሰዎች ጠዋት መዋያው ይጥሉልኛል፤ ከሰዓት በእጄ አጥባለሁ» አለች መሬት መሬቱን እያየች። «ለወላጆቹ እንዳትነግርብኝ... አስተማሪያችን የሰው ልብስ ታጥባለች እንዳይሉ።»

«ደመወዝዎስ?»

ሳቀች። «የምን ደመወዝ? ቀበሌዎቹ በጎ ፈቃደኛ ነሽ ነው የሚሉኝ። ለምስጋና ብለው ትንሽ ይሰጡኛል... እሷም ከቀረች ሦስት ወሯ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በጎ ፈቃድ!»

«የልጆቹ ምሳስ ለምን አነሰ?»

«ሩዙ ያው ነው። ልጆቹ በዙ።»

ዓርብ የወላጆች ስብሰባ ላይ ስሜን ሰረዝኩ። ወረቀቱን ገልብጬ «ደመወዝ ይከፈላት» ብዬ ጻፍኩና እንደገና አንደኛ ፈረምኩ።

«አስማት አዞረችብህ እንዴ?» አለች ማናንግ ፔርላ።

«ማናንግ፣ የለበስሽውን ማን አጠበልሽ?»

«ልብስ ንጽሕና ቤት ነዋ! እዚያ ያለችው ሴትዮ እጇ ይባረክ፣ እንዴት...»

ቲቸር ፊሎሜና በሳሙና የተላጡ እጆቿን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀች።

ማናንግ አየቻት። ከዚያ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደች።

ወገኖቼ... በየእሑዱ «ልጆቻችንን የምትይዝልንን ባርክልን» ብለን ጸልየናል። ፈጣሪ ባረካት፤ የከለከልናት እኛ ነን። የሠራ ሰው ደመወዙ መብቱ ነው፣ ምስጋና አይተካውም።

እናንተስ... ልጃችሁን የምትይዝላችሁ ሴት በምን እንደምትኖር ጠይቃችኋት ታውቃላችሁ? እውነቱን ጻፉልኝ።