ከድንጋዩ ስር የወጣ ቃል

ኤሊዋ በሰንሰለት እግሯ እየተንፏቀቀች ፍርስራሹ ውስጥ ትገባለች። መብራቷ አቧራ የለበሰ ፊት ላይ ሲያርፍ በስክሪኔ አየዋለሁ። ላይል ፕሬንቲስ ነው፤ የፈረቃችን አለቃ።

እኔ ከነፍስ አድን ቡድኑ ጋር ከፍርስራሹ ወዲህ ሆኜ ሮቦቷን አዛለሁ። ኤሊ ያልናት እኛ ነን። ጣሪያውን ታዳምጣለች፤ መንገድ ትመርጣለች፤ ያለ እኔ ቃል ግን አንዲት ጠጠር አታነሳም።

«እግሩን የያዘውን ድንጋይ ላንሳ?» ትለኛለች። «ጣሪያው የሚቆየው ስድስት ደቂቃ ነው።»

«ቆዪ» እላታለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በዚሁ በካልጉርሊ የወርቅ ጉድጓድ፣ ኤሊዋ «አትግቡ» ብላ ነበር። ላይል ግን ወንድሜን ኬሮድን አስገባው፤ ጣሪያው ተንዶ ገደለው። ኬሮድ ከመግባቱ በፊት ኤሊዋ እንደከለከለች፣ ላይል ግን እንዳስገደደው በሬዲዮ ነግሮኛል፤ ያመነኝ ሰው ግን የለም። ላይል ለመርማሪዎቹ «አትግባ ብዬው እምቢ አለኝ» አለ። እናቴም በጥጋቡ የሞተ ልጅ እናት ተባለች።

ማይክሮፎኑን እከፍታለሁ። «ላይል፣ ናሬል ነኝ። የኬሮድ እህት።»

ፊቱ ይለወጣል። «ናሬል... በእናትሽ...»

«እናቴን አትጥራ! ኬሮድን ማን ላከው?»

«አሁን ይሄ የሚወራበት ሰዓት ነው?»

«እኔማ ጊዜ አለኝ።»

የቡድኑ መሪ ኮሊን ትከሻዬን ጨምድዳ ትይዘኛለች። «አብደሻል እንዴ? የቡድኔ ልጆች እኮ ጣሪያው ስር ናቸው!»

አራቱ የቡድኑ ወንዶች ምሰሶ እንደ ተሸከሙ ያዩኛል። የኬሮድን ሬሳ ያወጡት እነሱ ናቸው። አንዳቸውም «እዘዣት» አይሉኝም።

«አራት ደቂቃ» ትላለች ኤሊዋ።

«እኔ ነኝ!» ይጮኻል ላይል። «የላክሁት እኔ ነኝ! አልገባም አለኝ፤ አባርርሃለሁ አልኩት። የሮቦቷንም ማስጠንቀቂያ ከመዝገቡ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በቃሽ?»

ድምፁ ዋሻውን ይሞላዋል። ኮሊን እጇን ከትከሻዬ ታነሳለች።

«አንሺ» እላታለሁ ኤሊዋን።

ክንዷን ከድንጋዩ ስር ትሰዳለች። ብርሃኗ ባረፈበት ሁሉ ወንዶቹ ምሰሶ ይተክላሉ። እንደ ወትሮው የሚቀልድ፣ የሚሳደብ የለም። ደስ ብሎኛል። አላፍርበትም።

ላይል በደረቱ እየተሳበ ከቀዳዳው ይወጣል። ለመነሳት እጁን ይዘረጋል። አንድ በአንድ ያየናል። ኮሊን ጫማዋን ታያለች። ማንም ንቅንቅ አይልም።

ከኋላው ኤሊዋ፣ እኔ ሳላዛት፣ የብረት ክንዷን ታሳልፍና የተዘረጋውን እጅ በቀስታ ትይዘዋለች።