ከሰሌዳው ጀርባ

መጀመሪያ «ቋ!» አለ። ቀጥሎ አንዲት ብሎን አስፋልቱ ላይ እየተንከባለለች ስትሄድ ተሰማ።

ቀለም ቀቢው ዓይኑን ጨፍኖ መሰላሉ ላይ ደረቀ። የወደቀው ምን እንደሆነ ሳያይ አውቆታል፤ «ሥዕል መሣል ክልክል ነው» የሚለው የቆርቆሮ ሰሌዳ ነው። ይህን ግንብ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ፣ በየዓመቱ፣ ግራጫ ሲቀባ ሰሌዳውን ነክቶት አያውቅም። ተቆጣጣሪው ሁሌም «ዙሪያውን ቀባ፣ እሱን እንዳትነካ» ይለዋል። ዛሬ ግን የባልዲው እጀታ ጠለፈው።

«እታለም፣ ተሰበረ?»

«ሰሌዳውስ ደህና ነው፤ አንተን እንጃ» አለችው ቀለም በጥባጯ፣ ብሎኗን በእግሯ ረግጣ እያስቆመች። «ይልቅ ዓይንህን ግለጥና ጉድህን እይ።»

ገለጠ። ሰሌዳው በነበረበት ቦታ፣ ግንቡ ላይ የተሣለ አንድ ብርቱካንማ ድመት ተቀምጧል። ጠረጴዛ ፊት፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ጥሎ፣ በመዳፉ ማኅተም ይመታል። አይጦች ባርኔጣቸውን አውልቀው ተሰልፈውለታል። አንገቱ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ያለው ቀይ ከረባት አስሯል።

ያን ከረባት የማያውቅ የለም፤ የተቆጣጣሪው ነው። ተቆጣጣሪው ሌላ ከረባት አስሮ ታይቶ አያውቅም። ግራ ጉንጩ ላይ ያለችው «ማርያም የሳመችው» ምልክት እንኳ የድመቱ ጉንጭ ላይ ጉብ ብላለች።

«አለቀልኝ!» አለ ቀለም ቀቢው። ሁለት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አለበት። አንዱ የመጋዘኑን በር ከነቁልፉ ቀዳዳ ስለደፈነ፣ ሌላው ግንቡን ተደግፎ ያንቀላፋውን ዘበኛ እስከ ትከሻው ስለቀባ ነው። ሦስተኛው ከመጣ ስንብት ነው፤ ቤት ደግሞ አራት ልጆች አሉ። «አሁን ሲመጣ ‹አንተ ነህ የሣልከኝ› ነው የሚለኝ!»

«አንተ?» እታለም ሆዷን ይዛ ሳቀች። «እንኳን ድመት፣ ቀጥ ያለ መስመር መቼ አውጥተህ ታውቃለህ?»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ፤ እሱ በምን ያውቃል?»

ከመሰላሉ ወርዶ ብሩሹን ግራጫው ውስጥ ዘፈቀና አነሳ። ክንዱን ለቀም አደረገችው።

«ተው አንተ፣ ነውር ነው! ማኅተሙን ሲመታ ኩራቱን አታይም? ደግሞ ሦስተኛውን አይጥ እየው፤ ሲፈራ ቁርጥ አንተን!»

አየው። ሳያስበው ከንፈሩ ፈገግ አለ። ብሩሹ አየር ላይ ቀረ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ጫማው ላይ።

«ምን ትሠራላችሁ?»

ከረባቱ ከኋላቸው ቆሟል።

«አለቃ፣ ልጆቼን! እኔ አይደለሁም፣ እኔ...»

«አውቃለሁ።»

ተቆጣጣሪው ወደ ድመቱ ቀረብ አለ። ቀለም ቀቢው ላለማየት ቢታገልም፣ ዓይኑ ከጉንጭ ወደ ጉንጭ ይመላለሳል። ተቆጣጣሪው በትንሽ ጣቱ የድመቱን አፍንጫ ከአቧራ ጠረገ።

«በዚህ በኩል ጢሙ አራት ነበር» አለ። «አንዱን ዝናብ አጥቦታል።»

ከመሬት ስንጥር አንስቶ ባልዲው ውስጥ ነከረ። እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አወጣና አንዲት ስስ መስመር ሳበ። እጁ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ከደረት ኪሱ፣ እስከ ዛሬ እስክሪብቶ የመሰላቸውን ነገር መዘዘ፤ ካቻቢቴ ኖሯል። እጁን ሲዘረጋ እታለም ብሎኗን ከእግሯ ሥር አንስታ ሰጠችው። ሰሌዳውን መልሶ ጥርቅም አድርጎ አሰረ።

የሥራ መረከቢያ ወረቀቱን አወጣና «ግንቡ በሚገባ ተቀብቷል» ብሎ ፈረመ። ግንቡ ገና ሩቡ እንኳ አልተነካም።

«አለቃ... ደብዳቤውስ?»

ተቆጣጣሪው ከረባቱን አስተካከለ። መንገዱን ተሻገረና፣ ማዶ ያለውን «መለጠፍ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ እንደ ልጅ ጭንቅላት መታ መታ አድርጎት፣ እያፏጨ ማዕዘኑን ታጠፈ።