የኪራይ እንባ

"እማዬ! በእጄ እንዳላጎረስኩሽ ዛሬ ጥለሽኝ ትሄጃለሽ?" ነጭ የሐዘን ልብስ የለበሰችው አልቃሽ ማይክሮፎን ይዛ በሬሳ ሣጥኑ ፊት ተንበርክካ ነበር። ድምፅ ማጉያው ልቅሶዋን እስከ ሩዝ ማሳው ድረስ አደረሰው። የምታለቅሰው በልጅየው በሹረን ስም ነው፤ የቀጠራትም እሱ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የእናቱን ደጅ ያልረገጠው ሹረን ከኋላዋ እጁን አጣምሮ ቆሟል። አልጋ ላይ የዋለችውን እናታቸውን ስድስት ዓመት ያጎረሰችው ታላቅ እህቱ ጉዊላን ግን አንጀቷ አረረ። ብድግ ብላ ማይክሮፎኑን ከአልቃሿ እጅ መነጨቀችው።

"አንቺ ልጅ፣ ተይ! አገር ይሰማል!" አሉ አጎቷ።

"ይስማ! እስካሁን የሰማው ውሸት አይበቃውም? ለዚህች ሴትዮ እንደሆነ በየመንደሩ የሞተ ሁሉ እናቷ ነው!" ማይክሮፎኑን ወንድሟ ደረት ላይ ለጠፈችው። "እንካ! አጉርሻታለሁ ካልክ፣ ራስህ አልቅስ!"

ሹረን ተቀበላት። ድምፅ ማጉያው ትንፋሹን ብቻ ሲያሰማ ቆየ። ከዚያ ወደ እህቱ ዞሮ፣ ማይክሮፎኑ አፉ ላይ መሆኑን ረስቶ፣ ቀስ ብሎ ጠየቃት።

"እትዬ... ምን ነበር የምትበላው?"

መንደሩ በሙሉ ሰማው። ጉዊላን ስድቡን ትታ ዓይኗን ወደ ሬሳ ሣጥኑ መለሰች።

"የሩዝ አጥሚት" አለችው። "እሱንም ቢሆን፣ ባቀረብኩላት ቁጥር 'ሹረን፣ መጣህልኝ?' እያለች ነበር የምትጠጣልኝ።"