ሂናው የሸፈነው

የማንያታ መንደር ክሊኒክ ወንበር እሾህ የበቀለበት ይመስል ሃዋ ተቁነጠነጠች። ትናንት መዳፏን በሂና ያሳመረችው ለሰርግ አልነበረም፤ የካንሰሩ ክኒን የላጠውን ቆዳ ለመሸፈን ነበር። ዕጢዋ በዚህ ክኒን መክሰም ጀምሯል፤ መላጡን ካዩባት ክኒኑን ያስቆሟታል።

«መዳፍሽን አያቃጥልሽም?» አለቻት ነርሷ።

«ኧረ ደህና ነኝ፣ ሲስተር። ክኒኔን ስጪኝና ልሂድ፤ ያመጣኝ ቦዳቦዳ ውጭ ሞተር ሳይክሉን እንኳ አላጠፋም።»

ነርሷ መዝገቡን ገፋ አደረገችላት። ፊደል ያልቆጠረችው ሃዋ እንደ ወትሮው አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ፣ ጥርሷን ነክሳ ጫነችው። ካለፈው ወር ጥርት ያለ አሻራዋ አጠገብ መስመር የሌለው ልሙጥ ጥቁር ክብ ቀረ።

ነርሷ ሁለቱን አስተያየች። «ምነው ሃዋ! በጊዜው ብታሳዪኝ መጠኑን ቀንሰን እንቀጥል ነበር» አለችና ክኒኑን ወደ መሳቢያው መለሰችው። «አሁን ግን ቆዳሽ እስኪሽር መቆሙ ነው።»